ወደ ኋላ የቀረው ተማሪ፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ እስከ ጉድኝት ማዕከል

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማይቱ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ከተንጣለለው ውኃ ነው። ወደ ውኃው ገባ ብላ የምትታየው፣ ቀድሞ ደሴት የነበረችውና ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘችው ምድር የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝባት ናት። ጎዳናውን ተከትሎ ወደ ሰሜን የገፋ እንደ ሆነ ደግሞ አምባሰል ይገባል። በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመባት ውጫሌና የነገሥታት ልጆች በግዞት ይቀመጡባት የነበረችው ግሸን አምባ በዚሁ አገር ይገኛሉ።

አካባቢው በታሪክ መጻሕፍት ሲነሣ የሚወሳው በውሉ፣ በግዞቱና በጦርነቱ ነው። ትምህርት ሲሰጥበት የኖረው ዘመን ግን ከእነዚህ ሁሉ ይረዝማል። ስለ ትምህርቱ የተጻፈውም ቢሆን የሚያነሣው ብሩህ አእምሮ የነበራቸውን ደቀ መዛሙርት ነው፤ ፊደል አልገባው ብሎ ጓደኞቹ ጥለውት ያለፉት ልጅ ምን ይደረግ እንደ ነበር የጠየቀ ጥቂት ነው። የትምህርት ቤት ብርታት የሚለካው ግን በዚህኛው ልጅ ነው። ጎበዙ ተማሪ ዛፍ ጥላ ሥርም ተቀምጦ ይማራል። ድልድይም ቢሆን ጭነት ሲበዛበት የሚፈተነው በደካማው መገጣጠሚያው እንጂ በወፍራሙ ምሰሶው አይደለም።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በአበምኔትነት ከያዙ በኋላ ሥፍራው ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆነ። እሳቸው ራሳቸው ትግራይ ወርደው በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ የተማሩ ነበሩ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሶ ይገኛል። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ስማቸው ገንኖ የሚነሣው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እኒህ አባት ከሸዋ ተነሥተው ወደ ሐይቅ የመጡት ሕፃን ሆነው ሳይሆን፣ ክህነት ተቀብለው፣ ሲያስተምሩም ኖረው ነው። ጎልማሳው ካህን እንደ አዲስ ተማሪ ከሌላ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታትን ማሳለፉ በዚያ ጉባኤ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ማንም ቢሆን የጎደለውን ለመሙላት ዕድሜው አይከለክለውም። የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት የዐቃቤ ሰዓትነትን ማዕረግ እስከ መያዝ የደረሰው የዚህ ጉባኤ ዝና እየገነነ በሄደበት ዘመን ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ የገዳሙ ሀብት ተወሰደ፤ የትምህርቱ ሥርዓት ግን በአንድ ቤት ብቻ የተቆለፈ ስላልነበረ በመላው ሰሜን እየሰፋ ኖረ።

ይህ ሥርዓት በንባብ ቤት ይጀምራል። ልጁ በፊደል ገበታው ሀሁ ብሎ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ ከዮሐንስ መልእክት ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። ልብ ሊባል የሚገባው አንዱን ጽሑፍ የሚያልፍበት መንገድ ነው። አስቀድሞ በቁጥር ያነባል፤ ማለትም በስንደዶ እየነካ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ይጠራል። ቀጥሎ በግእዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያንኑ ጽሑፍ ይደግመዋል። እንግዲህ አራቱ ደረጃዎች የንባብ ጌጥ ብቻ አልነበሩም፤ ጉድለት የሚገኝባቸው መመርመሪያዎችም ነበሩ። የኔታ ዐይናቸው ቢደክም እንኳ ጆሯቸውን አዘንብለው ልጁ የተሰናከለበትን ቃል ይለያሉ። በቁም ንባብ የሚደነቃቀፈው ወደ ውርድ ንባብ፣ እዚያም ካልሆነለት ወደ ቁጥር ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓመት አልቆ ውጤት ከተነገረ በኋላ ሳይሆን፣ ስሕተቱ በተሰማባት በዚያችው ጧት ነው።

የኔታ ይህን ሁሉ ብቻቸውን ሊወጡት አይችሉም ነበር። ዳዊት የደገመው ወንጌል ለሚያነበው፣ ወንጌል የሚያነበው ፊደል ለሚቆጥረው ያስቀጽላል። ታላቁ ታናሹን ሲያስቀጽል እሱም የራሱን ትምህርት ያጠናል፤ ታናሹም የኔታን ለመጠየቅ ቢፈራ ጓደኛውን አይፈራም። ወደ ቅኔ ቤት ሲዘልቁ ይኸው መደጋገፍ የታወቀ ስምና ማዕረግ ያለው ሹመት ይሆናል። መምህሩ ጉባኤውን ሲመሩ፣ ለአዲስ ገቢዎች ግሱንና አገባቡን የሚያስረዳው አስነጋሪው ነው። ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሳያቀና ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ አይሻገርም፤ ወደ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርስበትንም ቀን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የራሱ ችሎታ ነው። ጧት የቆጠረው ቅኔ ማታ በመምህሩ ፊት ይቀርብና የተጣመመው ይቀናል። በዚያው በወሎ ምድር በዋድላ የገነነው የቅኔ ጉባኤ ለዘመናት የኖረው በዚህ ዓይነት ነው። ቅኔ ፈጽሞ የማይሆንለት ተማሪም ቢሆን መንገዱ አይዘጋበትም፤ ድምፅ ያለው ወደ ዜማ፣ እጁ የሚቀናው ወደ ቁም ጽሕፈት ያዘነብላል።

ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት አገር ነውና፣ ስለ ትምህርቱ ሲነገር የቁርአን ቤቱን መዝለል ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ይሆናል። በቁርአን ቤት ልጁ የዕለት ትምህርቱን በሉሕ ላይ ይጽፋል። ሉሑ ታጥቦ አዲስ ትምህርት የሚጻፍለት የቀድሞውን በቃሉ አጥንቶ ካሰማ በኋላ ነው። ያላጠናው ሉሑን እንደያዘ ይቆያል። ከፍ ወዳለው ትምህርት የደረሰው ደረሳ ደግሞ የሚሻውን ኪታብ ከሚያቀራ ሼህ ዘንድ ለመቀመጥ አገር አቋርጦ ይጓዛል፤ የበሰለው ደረሳ ለጀማሪው ማስቀራቱም እንደ ቤተ ክህነቱ የተለመደ ነው። ሁለቱ ቤቶች በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ስለ ዘገምተኛው ልጅ የያዙት ሥርዓት አንድ ነበር ለማለት ያስደፍራል። ያልበሰለው አይሻገርም፤ አይባረርምም።

ይህ ሲባል የጥንቱን ቤት ያለ እንከን አድርጎ ለመሣል አይደለም። አለንጋው የታወቀ ነው፤ ትምህርት ጠልቶ የሚኮበልለውን ልጅ በእግር ብረት ያስሩ እንደ ነበርም የታወቀ ነው። ቀለም አልይዝ ላለው ተማሪ አብሾ የሚባለውን ተክል ያጠጡ ነበር፤ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚታመነው አብሾ የስንቱን አእምሮ እንዳቃወሰ በየቅኔ ቤቱ ሲነገር ይኖራል። ልጃገረዶች፣ ከጥቂት የመኳንንትና የካህናት ልጆች በቀር፣ ከደጁም አልደረሱም። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚያድረው የቆሎ ተማሪም በበሽታና በውሻ ንክሻ መካከል ነበር የሚማረው። እነዚህ ሁሉ እውነት ሆነው ሳለ፣ ያ ቤት አንድ ትልቅ ሀብት ነበረው፤ ጊዜ። ለአንዱ ሁለት ዓመት፣ ለሌላው አምስት ዓመት ይበቃው ነበር፤ ሁለቱም ግን ዳዊት ደገሙ ይባሉ ነበር። ከግሸን አምባ ግዞት ወጥተው በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደራሲነታቸው የታወቁ ሊቅ መሆናቸውን ያየ ሰው፣ እስር ቤትም ቢሆን መጽሐፍና ጊዜ ካለበት ሊያስተምር እንደሚችል ሳይታዘብ አያልፍም።

በሌላው ዓለምም የዚህ አምሳያ ታይቷል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንድርው ቤል የተባለ እስኮትላንዳዊ ቄስ በሕንድ አገር በማድራስ፣ ጥቂት ቆይቶም ጆሴፍ ላንካስተር በለንደን፣ ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን የሚያስተምሩበትን ዘዴ አቋቁመው ነበር። ዘዴው በርካሽነቱ ተወዶ በብዙ አገሮች ቢስፋፋም፣ ልጆቹን እንደ መኪና ጥርስ በደወል ከማንቀሳቀስ አልፎ ስሕተታቸውን አብሮ የሚመረምር መምህር ስላልነበረው ቆይቶ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉም፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚያስፈልገው ጊዜና እርማት ቢሰጠው አብዛኛው ተማሪ ትምህርቱን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በአሜሪካ አዲስ ሆኖ ሲነገር፣ ጉባኤ ቃናውን ሳያቀና ያልተሻገረው የዋድላ ተማሪ አስቀድሞ ኖሮበት ነበር።

በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ወደ ኢትዮጵያ የገባው አዲስ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም። ክፍል፣ ደወል፣ የትምህርት ዘመንና ማጠቃለያ ፈተናም አብረው ገቡ። እነዚህ መጥፎ ነገሮች አይደሉም። ብዙ ልጆችን በአንድነት ለማስተማር፣ ሒሳብና ሳይንስን በሥርዓት ለማዳረስ ያለ እነሱ አይቻልም። ይሁን እንጂ የጊዜው ሥርዓት ሲለወጥ የተደጋጋፊነቱ ሥርዓት ወደቀ። ታላቁ ታናሹን ማስቀጸሉ ቀረ፤ ሁሉም በየክፍሉ ተለያይቷልና። የአንዱ መምህር ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ሌላው ይገባል፤ ሁለቱ ስለ አንድ ልጅ የሚነጋገሩበት ሰዓት በሰሌዳው ላይ የለም። አንድ ቀላል ስሌት ማድረግ ይበቃል። 60 ልጆች ባሉበት ክፍል የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። በ40 ሴኮንድ የኔታ የአንድ ልጅ አንድ መስመር ንባብ እንኳ አድምጠው አይጨርሱም።

ስለዚህ አዲሱ ትምህርት ቤት ለደካማው ተማሪ የነበረው መድኃኒት አንድ ብቻ ሆነ፤ ክፍል መድገም። ያልገባው ነገር ዓመቱን ሙሉ በዚያው አኳኋን ይደገምለታል። ከሐይቅና ከአምባሰል ገጠር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ደሴ፣ ወደ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ለመዝለቅ የታደሉት ጥቂቶች ከዚህ ወንፊት ያለፉት ናቸው። በወንፊቱ የቀሩት ወደ እርሻው ተመለሱ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ያጠቃው ረኃብ ሲመጣ፣ በዚሁ ጎዳና ዳርና ዳር የተጠለሉት ቤተሰቦች ልጆች የትምህርታቸው ነገር የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም። ሆኖም ያ ዘመን ለመምህራን አንድ ነገር አስተምሯል። ቀለም አልይዝ ያለው ልጅ አእምሮው ሳይሆን ሆዱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም መለየት የሚቻለው ልጁን ከክፍል ውጭም በሚያውቅ ሰው ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዚህ አንጻር ሲመረመር፣ ከተለመደው የድል ዜና የተለየ ነገር ይገኝበታል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን የምዝገባው አያያዝ ነው። በየዙሩ የሚመዘገቡት ጀማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ባለፈው ዙር ተፈትነው ያላለፉት ለብቻ ተቆጥረው እንደገና የሚማሩበት ክትትል ነበር። የወደቀው ጎልማሳ ከመዝገብ አልተፋቀም፤ ወደ ቁጥር ተመለሰ እንጂ። ዘመቻው ግዴታ የበዛበትና የፖለቲካ ጭነት የነበረበት መሆኑ ባይካድም፣ ዘመናዊው የመንግሥት ትምህርት ለወደቀው ሰው በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ያበጀው ያን ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ክፍል የመድገሙን ነገር ከሥሩ ለመለወጥ ሞከረ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይደግሙ እንዲዛወሩ፣ በምትኩ መምህሩ በተከታታይ ምዘና ጉድለታቸውን በየዕለቱ እየተከታተለ እንዲያርም ታሰበ። ሐሳቡ ከንባብ ቤቱ ሥርዓት የራቀ አልነበረም። ችግሩ ከሁለቱ ምሰሶዎች አንዱ ብቻ መቆሙ ነው። ማዛወሩ ትእዛዝ ብቻ ስለሚጠይቅ ወዲያው ተፈጸመ፤ ማረሙ ግን ጊዜ፣ መጽሐፍና የመምህራን ትብብር ስለሚጠይቅ ዘገየ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ ክልሎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለደረጃቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የጥንቱ የኔታ ይህን ቢሰሙ ልጆቹን ሳይሆን አሻጋሪውን ይጠይቁ ነበር።

መድኃኒት አልታጣም። አንዱ የጉድኝት አደረጃጀት ነው። ጎረቤት የሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ተሰባስበው መምህራኑ ልምድ እንዲለዋወጡ፣ አንድ ሱፐርቫይዘርም ሁሉንም እንዲከታተል የታቀደበት ነው። በአምባሰል ገደላ ገደል፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት በሚያስፈልግበት አገር፣ ይህ አደረጃጀት በካርታ ላይ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ብቻውን ተራራ ላይ ለተመደበ ወጣት መምህር ሌላ መምህር የሚያገኝበት መድረክ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለዚሁ እንዲያውል በመመሪያ ተደንግጓል። በተማሪዎችም በኩል አንድ ለአምስት በሚል ስም ጎበዙ ደካሞቹን እንዲያስጠና ቡድኖች ተደራጅተው ነበር። ይህኛው በመልኩ የታላቅና ታናሹን ማስቀጸል ቢመስልም፣ ከላይ በወረደ ትእዛዝ ስለ መጣና ከፖለቲካ አደረጃጀት ጋር ስለ ተቀላቀለ የሚገባውን እምነት አላተረፈም። በንባብ ቤት ያስቀጽል የነበረው ልጅ በኮሚቴ አልተመረጠም፤ አንድ መጽሐፍ ቀድሞ ስላነበበ ብቻ ነው የተሾመው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለየትኛውም አደረጃጀት ፋታ የሰጡ አልነበሩም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ተከፍተው ብዙም ሳይቆዩ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ዘለቀ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ውጫሌና ሐይቅ የውጊያ ቀጠና ሆኑ፤ ከጥቅምት ማብቂያ አንሥቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ደሴን ጨምሮ አካባቢው በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየ። በደቡብ ወሎና በአጎራባች ዞኖች ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፣ ንብረታቸውም ተዘረፈ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም እንዲሁ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። በዚህ መካከል ፊደል የጀመረ ልጅ ስንት ጊዜ አቋርጦ ስንት ጊዜ እንደ ጀመረ ማሰብ አያዳግትም። በዕድሜው 4ኛ ክፍል ይቀመጣል፤ ንባቡ ግን ገና በቁጥር ላይ ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ሲሰጥ፣ ለዓመታት የተሸፈነው ጉድለት ተገለጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ማለትም 3.3 በመቶ። መንግሥት ማለፊያውን ካላገኙት መካከል የተሻሉትን መርጦ በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለውን፣ እንዲወስዱ አደረገ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሳይጠግኑ ከመተው መጠገኑ የተሻለ ነው። ነገር ግን ስንጥቁ ከመሠረቱ የጀመረ ከሆነ በጣሪያው በኩል የሚለጠፈው ሲሚንቶ ምን ያህል እንደሚቆይ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። በ12ኛ ክፍል ማብቂያ በጥቂት ወራት እንዲታረም የሚፈለገው ጉድለት፣ በ2ኛ ክፍል የአንድ ጧት ሥራ የነበረ ነው።

መምህራን በመመሪያ የተመደበላቸው 60 ሰዓት ለዚህ ሥራ ትንሽ ጊዜ አይደለም። በ30 ሳምንት ቢካፈል በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የሚባክነው ለሱፐርቫይዘር የሚቀርብ ዶሴ በማሟላት ነው። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት የአማርኛው፣ የሒሳቡና የሳይንሱ መምህር አንድ ጠረጴዛ ከብበው የአንድ ልጅ ሦስት ደብተር ጎን ለጎን ቢዘረጉ፣ በመዝገብ ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ውድቀት ሆኖ የተጻፈው ነገር አንድ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። የሳይንሱ መምህር ትምህርቱ አልገባውም ያለው ልጅ ጥያቄውን ማንበብ ተስኖት ይሆናል። የሒሳቡ መምህር ስሌት አያውቅም ያለውም ልጅ፣ ቁጥሮቹ ብቻ በሰሌዳ ላይ ሲጻፉለት ሳይሳሳት ይደምራል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው ሦስት የማካካሻ ትምህርት አይደለም። ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ስንደዶ አስይዞ፣ ፊደል በፊደል እየነካ እንዲያነብ ቢያደርገው፣ መምህሩም ከወዲያ ማዶ ደብተር እያረመ ቢያዳምጠው ይበቃዋል።